ቀለም የማይደርቅበት ከተማ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2012

ላምበረት መናኸሪያ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ። በአንድ እጄ ሁለት ሸራ፣ በሌላው የቀለም ሳጥን፣ ጀርባዬ ላይ ሻንጣ። ረዳቱ ሸራዎቹን አየና «ይሄ መስታወት ነው?» አለኝ። «ሥዕል ነው» አልኩት። አንዱን አገላብጦ አየው። ነጭ ነው። «ታዲያ የታለ ሥዕሉ?» መልስ አልነበረኝም። ለሸራዎቹ የአንድ ሰው ሒሳብ አስከፈለኝ።

የምሄደው ደብረ ብርሃን ነው፤ ለአሥራ አምስት ቀን። ከተለያየ አገር የመጡ ሠዓሊዎች አንድ ከተማ ውስጥ አብረው ተቀምጠው ይሠራሉ። በእኛ ሙያ ሬዚደንሲ ይባላል። ማደሪያ ይሰጥሃል፣ ስቱዲዮ ይሰጥሃል፣ ትንሽ የኪስ ገንዘብ ይሰጥሃል። አንተ ትሠራለህ። መጨረሻ ላይ በሩ ይከፈትና የከተማው ሰው ገብቶ ያያል። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ነው የሚደረገው፤ ወይ ደግሞ ፎቶ የሚያምርበት ቦታ ተፈልጎ። ደብረ ብርሃን መባሉ ነው የሳበኝ። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ከተማዋን የማውቃት ወደ ደሴ ስሄድ ቁርስ የምበላባት ቦታ አድርጌ ነው።

130 ኪሎ ሜትር ነው። ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ። ሸኖ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት እናት መስኮት ከፍተው ቅቤ ተከራከሩ። ዋጋው ሳይስማማቸው መኪናው ተነሣ። እስከ ጫጫ ድረስ ስለዚያ ቅቤ አወሩኝ። ከጫጫ ወዲያ ሜዳው ፍንትው ይላል። ገብሱ ገሚሱ ታጭዷል፤ ነዶው እዚህም እዚያም ተከምሯል። ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላ እዚሁ አካባቢ ናት።

ስቱዲዮው አስፋልት ዳር ያለ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ጥጋ ጥጉ ላይ እስካሁን የገብስ ፍሬ ይለቀማል። ከባድ መኪና ወደ ደሴ ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ጣራው ላይ ሁለት ቦታ ብርሃን የሚያስገባ ፕላስቲክ ተገጥሟል። ከዚያ የሚገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቀመጥና ቀኑን ሙሉ ቦታ ይቀይራል።

ሌሎቹ አራት ናቸው። ጀርመናዊ ፎቶ አንሺ። ብረት እየበየደች የምትሠራ ኬንያዊት ቀራፂ። በክርና በጨርቅ የምትሠራ ኮሪያዊት። አርጀንቲናዊ ሠዓሊ። ስማቸውን አልጽፍም፤ አላስፈቀድኳቸውም።

እራት ላይ አስተባባሪው አስተርጓሚው እንደማይመጣ ነገረን። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ያየሁ ጊዜ ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። «ያው አንተ አለህ አይደል፤ ለጊዜው» አለኝ። በኛ አገር «ለጊዜው» የሚባል ነገር ስንት ዕድሜ እንዳለው ታውቃላችሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

የወሩ ሥላሴ ነው። ነጠላ የለበሰው ሕዝብ ሁሉ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይጎርፋል። እኛም ተከተልን።

ታሪኩን እየሄድን ነገርኳቸው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሥታቱ ከተማ ድንኳን ነበር፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ግን እዚህ ሳሉ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቦታውንም ደብረ ብርሃን አሉት። እዚሁ ቤተ መንግሥት ሠርተው ተቀመጡ። የታሪክ ሰዎች ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። አሁን የቆመው ሕንፃ ግን የምኒልክ ዘመን ሥራ ነው።

አርጀንቲናዊው ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። የመላእክት ፊት የሞላበት ጣራ። ክንፍ ያላቸው፣ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ። «ይሄን ለማየት ነው የመጣሁት» አለኝ።

እግዚኦ። ያ የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። አድያም ሰገድ ኢያሱ ያሠሩት። ስሙ ስለገጠመ ብቻ ሰውዬው አትላንቲክን ተሻግሮ ሸዋ ወረደ።

ማርዳት ከበደኝ። «እሱ እንኳ ትንሽ ራቅ ይላል» አልኩት።

«በእግር እንሂዳ?» አለኝ።

ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እውነቱን የነገርኩት ምሳ ከበላ በኋላ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ፣ ካልሲ አድርጌ፣ ኮፍያ ደፍቼ። የብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚህ ከተማ መሆኑ ያለ ነገር አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ባልዲ ውስጥ ያደረው ውኃ ላይ ስስ በረዶ ሠርቷል። ኬንያዊቷ በጣቷ ሰበረችውና «የኔ አገር እኮ ምድር ወገብ ላይ ነው፤ እናንተም ጎረቤት ናችሁ መስሎኝ ነበር» አለች።

ጀርመናዊው ግን ደስ ብሎታል። ሌሊቱ እንዲህ ቢበርድም፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሰማዩ አንድ ዘለላ ደመና የለውም። እሱ የሚፈልገው ፀሐይ ነው። በካሜራ አይደለም የሚሠራው፤ ሳያኖታይፕ በሚባል የድሮ ዘዴ ነው። ሁለት ዓይነት የብረት ጨው በውኃ ይበጠብጣል። ጨለማ ክፍል ገብቶ አቡጀዲ ላይ በብሩሽ ይቀባዋል፤ ያደርቀዋል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይዘረጋና ዕቃ ያስቀምጥበታል። ፀሐይ የነካው ይለወጣል፤ ዕቃው የጋረደው አይለወጥም። በውኃ ሲታጠብ ያልተለወጠው ይለቅና ነጭ ይሆናል። የቀረው ድብን ያለ ሰማያዊ።

ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1842 ያገኘው ጆን ኸርሼል የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ሰውዬው የከዋክብት ተመራማሪ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ሆኖ የሃሌይን ጅራታም ኮከብ ራሱ ተመልክቷል። ጀርመናዊው ይህን የነገረኝ እንደ ቀልድ ነው፤ ትናንት የሥላሴን ታሪክ ስለሰማ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ያው ኮከብ ለዘርዓ ያዕቆብ ከተማ አስቆረቆረ፤ ያው ኮከብ ላይ ያፈጠጠው ሰው ይህን ሰማያዊ ሰጠን።

አገሩ ላይ ሩብ ሰዓት የሚፈጅበት ሥራ እዚህ ስድስት ደቂቃ በቃው። ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ትጠነክራለች። የእኔ አፍንጫ ለዚህ ምስክር ነው፤ ተልጧል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከዚህ በተቃራኒ እኔ። ቅዳሜ ማታ የቀባሁት ሸራ ዛሬም እንዳለ ነው። ጣቴን አሳረፍኩበት፤ ሰማያዊ ሆኖ ተመለሰ።

የዘይት ቀለም እንደ ልብስ ተንኖ አይደርቅም። ውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። ብርድ ሲሆን ይህ ሥራ ይንቀረፈፋል። የሚያናድደው ደግሞ ተልባው እዚሁ ደጋ ላይ የሚዘራ መሆኑ ነው። በአገሩ ይኮራል መሰለኝ። አክሪሊክ ይዤ መምጣት ነበረብኝ። ማሞቂያ ይመጣል ተብሎ ነበር። የኪስ ገንዘቡም ሰኞ ይመጣል ተብሎ ነበር። ሰኞ ትናንት ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ኬንያዊቷን ይዤ ከተማውን ዞርኩ። ያረጀ ብረት ትፈልጋለች። የተሰበረ ማረሻ፣ የጋሪ ብረት፣ የበር ማጠፊያ ገዛን። ከብረቱ ይልቅ ግን ልቧን የወሰደው ኩበት ነው። ከከተማው ወጣ ስትሉ በየቤቱ ደጃፍ የኩበት ክምር አለ፤ ዙሪያው ተለስኖ፣ አናቱ ሾጠጥ ብሎ። «ይሄ ሐውልት ማነው የሠራው?» አለችኝ። የክምሩን ባለቤት ጠየቅኳቸው። «ሐውልት? ማገዶ ነው እንጂ። ዝናብ እንዳይገባው ነው» አሉኝ። ተርጉሜ ነገርኳት። «እሱማ ገብቶኛል፤ ማን ነው የሠራው ነው ያልኩህ» አለችኝ። ሴትየዋ ናቸዋ። ስትስላቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ክምሩ አጠገብ ቆሙ።

ከሰዓት በኋላ ጀርመናዊው ስምንት አቡጀዲ አተመ። መንገደኛውን እያስቆመ በእጁ ያለውን ነገር ጨርቁ ላይ እንዲያስቀምጥ ለመነ። እንዝርት ወጣለት። አለንጋ ወጣለት። የባጃጅ ቁልፍ፣ የአንድ ተማሪ ማስመሪያ። ስቱዲዮውን የሚያጸዱት እትዬ እጃቸውን ከነመጥረጊያው አሳተሙ። አምስቱም ጣት፣ የመጥረጊያው እያንዳንዱ ጭራሮ፣ ነጭ በሰማያዊ ላይ። ገመድ ላይ ተሰቅለው ሲታዩ ግቢው ሌላ ግቢ መሰለ። እኔም ሁለተኛውን ሸራ አወጣሁና ያንን ገመድ መሣል ጀመርኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ የሆነውን በሙሉ ልጻፍ።

ጠዋት ስንገባ ጨርቆቹ ገመዱ ላይ አሉ። ሰማያዊው ግን የለም። ስምንቱም ገርጥተዋል፤ ወይቦ የከረመ ወረቀት መስለዋል። እጁ የለም፣ እንዝርቱ የለም፤ ጥላ ጥላው ብቻ ቀርቷል። ጀርመናዊው አንዱን ጨብጦ ቆመ። ምንም አላለም። እኔ ደግሞ ዝም የሚል ሰው ያስፈራኛል።

እትዬ በደስታ መጡ። «ቆሽሾ አይቼ ነው። ማንም ሳያዘኝ አጠብኩላቸው። እንዴት ያለ ክፉ ቀለም ነው! በባዶ ውኃ እምቢ አለኝ። በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፌ፣ አሽቼ አሽቼ ነው የለቀቀልኝ።» ጀርመናዊው ትናንት በውኃ አጥቧቸው ነበር፤ አልጠራ ብሎት የተዋቸው መስሏቸዋል። ሴትየዋ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተው፣ ከጀሪካን እየቀዱ፣ በዚያ ውርጭ ስምንት አቡጀዲ አጥበዋል። እጃቸው ቀልቷል።

«ምን እያለች ነው?» አለኝ።

«ሌሊት ዝናብ ገብቶበት ነው አሉ» አልኩት።

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ኅዳር ነው። አንድ ደመና የለም። መሬቱን አየ፤ አቧራ ነው። ከዚያ እኔን አየኝ።

እትዬ የምንነጋገረው ባይገባቸውም ነገሩ እንዳላማረ ገባቸው። ራሳቸው ቀርበው በሁለት እጃቸው ማሸት አሳዩት፤ እንዲህ፣ እንዲህ። የሳሙናውን ከረጢትም አመጡለት። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰውዬው ሳሙናውን አሸተተ። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅን። «ሻይ አለ?» አለኝ። ሊጠጣ መስሎኝ ነበር። «ብዙ ሻይ። በባልዲ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ሰማያዊ የሶዳነት ጠባይ ያለው ሳሙና ሲነካው ይፈርሳል። ብረቱ ግን ጨርቁ ውስጥ ይቀራል፤ ያ ገርጥቶ የቀረው እሱ ነው። ሻይ ደግሞ ታኒን አለው። ታኒንና ብረት ሲገናኙ ይጠቁራል። ሙዝ የቆረጡበት ቢላዋ እንደሚጠቁረው ማለት ነው። ይህን አውቀው በሶዳ እያነጡ በሻይ የሚያቀልሙ አሉ። እሱ ራሱ ሠርቶት ያውቃል፤ እትዬ ሳያውቁ ግማሹን መንገድ ሄደውለታል።

እትዬ ትልቁን ድስት ጣዱ። ሙሉ ፓኬት ሻይ ቅጠል ሲገለበጥ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ስኳሩስ?» አሉ። ስኳር አያስፈልግም አልኳቸው። «ኧረ በሕግ! ያለ ስኳር ለእንግዳ?» አንድ ማንኪያ ጣል ሊያደርጉ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። የመጀመሪያው አቡጀዲ ገባ። ሁለት ደቂቃ ምንም የለም። ከዚያ ከመጥረጊያው ጭራሮ ጀምሮ መስመሩ ብቅ ማለት ያዘ፤ ቀስ እያለ፣ አንድ ባንድ። ጣቶቹ መጡ። ዙሪያው የተቆላ ገብስ መሰለ። እትዬ የራሳቸው እጅ ከድስት ውስጥ ሲወጣ አማተቡ።

ማታ ጀርመናዊው አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «ከአሁን ወዲያ የተባለውን ብቻ ንገረኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። እኔ መቼም እሺ አላጣም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ጎሕ ሳይቀድ ግቢው በጭስ ታፍኗል። ኮሪያዊቷ እሳት ተነሣ ብላ በካልሲዋ ወጣች። እሳትስ እሳት ነው፤ በየደጁ። ሁሉም ቤቱን ጠርጎ፣ ቆሻሻውን ከምሮ ያቃጥላል። ኅዳር ሲታጠን ነው።

ከየት እንደመጣ ነገርኳቸው፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ። በ1911 ዓ.ም. ያ የዓለም ኢንፍሉዌንዛ እኛም አገር ገባ። ሰው ቀባሪ እስኪያጣ አለቀ። ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። የኅዳር በሽታ ተባለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ይታጠናል። «መቶ ዓመት ሙሉ?» አለች ኬንያዊቷ። ጭሱን በስልኳ ስትቀርጽ ዋለች። መጋቢት ላይ ኮሮና አገራችን ሲገባ ያንን ቪዲዮ መልሳ ላከችልኝ። ምንም አልጻፈችበትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ገበያ። ኮሪያዊቷ የበግ ጠጉር ትፈልጋለች፤ ያልተነከረ፣ በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ። እዚህ አገር ለዚህ አያንስም። የመንዝ በግ ጠጉሩ ረጅም ነው። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ባናውና በርኖሱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ያን በርኖስ ለብሶ ገበያ መሀል የቆመ ሽማግሌ ከሩቅ ድንጋይ ይመስላል፤ ብርድ እንደማይገባው ያስታውቃል።

አንዲት እማማ የፈተሉትን ይዘው ተቀምጠዋል። እጃቸው አያርፍም፤ እያወሩም እንዝርቷ ትሾራለች። ኮሪያዊቷ ቁጢጥ አለችና ልሞክር አለች። ክሯ ሦስት ጊዜ ተበጠሰ። እማማ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ይቺ ልጅ እጇ ሥራ አያውቅም። እናቷ ምን ስታደርግ ነበር?»

«ቶሎ ትለምጃለሽ አሉ» አልኳት። አፌን ስዘጋ ትዝ አለኝ። ሁለት ቀን እንኳ አልሞላኝም።

ይባስ ብሎ ስትከፍል የተባለችውን እጥፍ ሰጠች። እማማ ብሩን ቆጠሩና ትርፉን ወረወሩልኝ። «ንገራት፤ ለማኝ መሰልኳት?» ኮሪያዊቷ የወደቀውን ብር አየች፣ እኔን አየች። አሁን ምን ልበል? ያሉትን ነገርኳት፤ ቃል በቃል። ፊቷ ቀላ። ከዚያ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ትክክለኛውን ሒሳብ ሰጠች። እማማ የሁለት እጁ ነገር ገባቸው። «ማክሰኞ ትምጣ ቤት፤ አሳያታለሁ» አሉኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

የነቢያት ጾም ቅበላ ነው። አንኮበር ወረድን፤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል። የተላክነው ለከተማ ሥራ ነው፤ ሁሉም ግን ከመጣ ቀን ጀምሮ አንኮበር አንኮበር ይላል። ገደል ለማየት።

ጉም ብቻ አየን። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ጉብታ ደረጃውን ወጣን። እፎይ ብለን ወደ አፋር ቆላ ስንዞር ነጭ ግድግዳ። አርጀንቲናዊው «ይሄም ትንሽ ራቅ ይላል?» አለኝ። ይገባኛል።

ጉሙ እስኪነሣ ወሬ ያዝን። ስለ በርናትስ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ ሻምበል ሃሪስ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ሊዋዋል መድፍና ጠመንጃ በስጦታ አስጭኖ በዚህ አቀበት ሲወጣ፣ አብሮት ዮሐን ማርቲን በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር። ተራራውን፣ ገበያውን፣ ሰዉን ሣለ። ከእኛ በፊት እዚህ ተቀምጦ የሠራ የውጭ ሠዓሊ ማለት ነው። የኪስ ገንዘቡ በጊዜው ይደርሰው እንደሁ አላውቅም። ጀርመናዊው የአገሩን ሰው ስም ከኔ መስማቱ ገረመው። «እሱስ ማን ነበር የሚተረጉምለት?» አለ። ሁሉም ሳቁብኝ።

ሌላም ነገርኳቸው። አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ አንኮበር ነው። ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር፤ ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት የሳቸው ነው። ሁልጊዜ ያ ቀይና ያ ሰማያዊ ከየት መጣ እል ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ጉሙ ድንገት ተቀደደ። ከሥራችን ገደሉ፣ ከገደሉ ሥር ቆላው፣ ሣሩ ላይ ደግሞ አንድ መንጋ ጭላዳ። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ማንም ካሜራ ለማንሣት አልደረሰም፤ እኔ ብቻ በእርሳስ ሦስት መስመር አሰመርኩ።

ከሰኞ ኅዳር 15 እስከ ሐሙስ ኅዳር 18

ጾም ገባ። አርጀንቲናዊው ሥጋ ፍለጋ ሦስት ቤት ዞሮ ሽሮ በልቶ ተመለሰ። አሁን ወዶታል። ጎንደርን ትቶ ካርቶን እየቆረጠ የባጃጅ ሾፌር፣ የሊስትሮ፣ የጉልት ሻጭ ፊት ይሥላል። ዓይናቸውን ያፈጥጠዋል። ምን ሊያደርገው እንደሆነ አይናገርም።

ማክሰኞ ኮሪያዊቷ ወደ እማማ ቤት ስትሄድ ተከትዬ ተነሣሁ። «አንተ ሥራህን ሥራ» አለችኝ። ማታ ስትመለስ አንድ ልቃቂት ይዛለች። ወፈር ቀጠን ያለ፣ ግን ያልተበጠሰ። ምን ተባባላችሁ አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች።

እኔም ሥራዬን ሠራሁ። ገመዱን፣ ስምንቱን አቡጀዲ፣ ከመታጠባቸው በፊት እንደነበሩት። ፕሩሺያን ብሉ የሚባለውን ቀለም ወፈር አድርጌ ጫንኩበት። ጨርቁ ላይ የነበረውም ራሱ ነው። ሠዓሊ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንዲት ጠብታ ከነካህ እስከ ትራስህ ድረስ ይከተልሃል።

የኪስ ገንዘቡ ሐሙስ መጣ። ማሞቂያው አልመጣም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

በሩ ተከፈተ። አምስት ሰው ይመጣል ብዬ ነበር፤ ቆጥሬ አልዘለቅኩትም። ተማሪው፣ ጋሪ ነጂው፣ ፖሊሱ፣ ከሥላሴ የመጡ አንድ ቄስ። አርጀንቲናዊው ካርቶኖቹን ጣራው ላይ ሰቅሏቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ፊት ሁለት ክንፍ ጨምሮ። ሰው ሁሉ አንገቱን ሰብሮ ወደ ላይ ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር ራሱን አገኘና ጓደኞቹን ሊጠራ ሮጠ።

ኬንያዊቷ ከማረሻና ከማጠፊያ የሰው ቁመት ያህል የኩበት ክምር ሠርታለች። የእውነተኛው ክምር ባለቤት መጥተዋል። ዞረው ዞረው አዩት። «አምሯል። ግን እኮ አይነድም!» አሉ። ቃል በቃል ተረጎምኩ። ቀራፂዋ ከዚህ የበለጠ ሒስ ደርሶኝ አያውቅም አለች።

እትዬ ከሻይ ከወጣው እጃቸው አጠገብ ቆመው ማንንም አስተርጓሚ አልጠበቁም። «ይሄ የኔ እጅ ነው። ያጠብኩትም እኔ ነኝ። ያፈላሁትም እኔ ነኝ።» ጀርመናዊው ወረቀቱ ላይ የሳቸውን ስም ከሱ ቀድሞ ጽፎታል።

የኔ ሸራ ጥግ ላይ ነበር። «አይነካም» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። እስከ ማታ አራት ሰው ነካው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ሁለቱን ሸራዎች ፊት ለፊት አድርጌ፣ በመሀላቸው የቡሽ ቁራጭ አስገብቼ አሰርኩ። ይህ ሠዓሊ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ረዳቱ ግን ጫን ብሎ ከወንበር ሥር ወተፈው። አንዷ ቡሽ ሳትወልቅ አልቀረችም። ሚኒባሱ ጫጫን ሲያልፍ ነው ያየሁት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጋቢያቸው ጫፍ ወደ ታች ወርዷል። ነጭ፣ ገና አዲስ ጋቢ። ጥለቱ አጠገብ የመዳፍ ያህል ሰማያዊ።

እሳቸውም አዩት። ከፍ አድርገው ያዙት። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀለም ነው እናቴ። የኔ ጥፋት ነው።»

«ይለቃል?»

በሳሙና ቶሎ ይለቃል ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። ላምበረት ደርሰን እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል።

«አይለቅም» አልኳቸው። «ብታሹት ይሰፋል።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ጋቢውን ገለበጡ፤ ሰማያዊውን ወደ ውስጥ አድርገው ትከሻቸው ላይ መለሱት። ሸኖ ስንደርስ መስኮቱን ከፍተው ባለቅቤዋን ጠሩ።

«ጾም አይደል እንዴ?» አልኳቸው።

«ለገና ነው። ክፈል።»

ከፈልኩ። ዋጋ አልተከራከርኩም።